አፀደ ወንዳፍራሽ ይቅርታ አልጠየቀችም

አፀደ ወንዳፍራሽ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ኮሌጅ ልትገባ መሆኑ ሲሰማ፣ በሜሞሪያል ድራይቭ ዳር ባሉት አፓርታማዎች የሚኖረው አበሻ የሳምንት ወሬ አገኘ። በዚያን ጊዜ አትላንታ ያለው ኢትዮጵያዊ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። አብዛኛው በሱዳን በኩል የመጣ፣ ቀን ፓርኪንግ ማታ ሆቴል የሚሠራ ሕዝብ ነው። ልጆቹን ያስተምራል። ራሱ ለመማር የሚያስብ ግን ጥቂት ነው፤ ካሰበም ወንድ ነው፣ ያውም ወጣት።

መጀመሪያ የሳቀችባት ብዙነሽ ነበረች። ሁለቱ ታከር በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አንድ ሺፍት ይሠራሉ፤ አዛውንቶቹን ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ ያበላሉ።

«ለምን ይጠቅምሻል?» አለቻት።

«ለምን መጥቀም አለበት?» አለች አፀደ፣ የአንሶላውን ጫፍ ከፍራሹ ሥር እየወተፈች።

«እንግዲህ ከተመረቅሽ በኋላ ሽማግሌውን የምታጥቢው በዲግሪ ነዋ።»

«በዲግሪ አጥበዋለሁ። አንቺ ደግሞ በምቀኝነት ታደርቂዋለሽ።»

አፀደ የጋይንት ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ወንዳፍራሽ የደብሩ መምህር ነበሩ፤ ሴት ልጅ ዳዊት መድገሟ ባልተለመደበት አካባቢ ከወንዶቹ መካከል አስቀምጠው ፊደል አስቆጠሯት፣ ዳዊቱንም ከዳር እስከ ዳር በቃሏ አስያዟት። አንድ ቃል ከዘለለች አርጩሜ አለ። ቃል ከለወጠች ግን ከአርጩሜ የከፋ ይመጣል፤ አባቷ ዝም ይላሉ። ቆይተው፣ «ቃሉ ያንቺ አይደለም፤ አደራ ነው» ይላሉ። «አደራ የሚበላ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። አደራ በላ ላለመባል ኖራለች። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥታ ነፋስ መውጫ ሦስተኛ ክፍል ስታስተምርም ልጆቹን የያዘችው በዚሁ መንገድ ነው። በኋላ ዘመኑ ተበላሸ፤ ባሏ ዘገዬ የሚፈለግ ሰው ሆነ፤ በመተማ በኩል ወጥተው ገዳሪፍ ላይ ሲጠብቁ ከረሙ። በፈረንጆች 1981 አትላንታ ሲደርሱ ዘገዬ ታክሲ ያዘ፣ እሷ መጦሪያው ገባች። ነፋስ መውጫ ላይ «እትዬ» ብለው ከመቀመጫቸው የሚነሡላት ልጆች እዚያው ቀሩ። እዚህ የምትነሣው እሷ ሆነች።

ኮሌጁ ከአቮንዴል ባቡር ጣቢያ በአውቶቡስ የሚደረስበት የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ነበር። የሁለት ዓመቱን የጨረሰ ሰው ቀድሞ ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ነበረበት፤ መዛወር ማለት ደግሞ መኪና፣ የቀን ክፍለ ጊዜና የተቀመጠ ገንዘብ ማለት ነው። ያን ሰሞን ግን የአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሌላ ከተማ እየመጡ በዚያው ግቢ በማታ ማስተማር ጀምረው ነበር። እናም ሰው ከዚያው ሳይወጣ፣ በዚያው አውቶቡስ እየተመላለሰ፣ የባችለር ዲግሪውን መያዝ ይችላል። አፀደ ይህን የሰማች ቀን ለዘገዬ የነገረችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ዲግሪ ልይዝ ነው፤ እራት አንዳንድ ቀን ራስህ ታሞቃለህ» አለችው።

የምታጠናው አባቷ ባስተማሯት መንገድ ነበር። መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ አንዱን አንቀጽ ከያዘች በኋላ ሌላውን ትጨምርበታለች፤ ከዚያ ሁለቱን አያይዛ ከላይ ትጀምራለች። አቮንዴል ጣቢያ አንዲት አሮጊት፣ አፀደ ጸሎት ላይ ያለች መስሏት፣ ስታበቃ ከጎኗ «አሜን» አለቻት። አፀደም አሜን ብላ ቀጠለች። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈተናዎች በአብዛኛው ከአራቱ አንዱን ምረጥ የሚሉ ነበሩና መንገዱ አላሳፈራትም። የሁለት ዓመቱን በጥሩ ውጤት ጨረሰች፤ በማታው ፕሮግራም ሦስተኛ ዓመት ገባች።

እዚያ ሚስስ ፕሩዊት ጠበቀቻት።

ሚስስ ፕሩዊት የታሪክ መምህርት ናት፤ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ እሑድ እሑድ መጠጥ በማይነካበት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያኗ ልጆች የምታስተምር፣ ድምፅዋ የማይጮኽ ሴት። ፈተናዋ ምርጫ የለውም። ጥያቄ ትጽፋለች፣ «አብራሩ» ትላለች፣ ባዶ ደብተር ትሰጣለች። በ1986 መጀመሪያ የሰጠችው ፈተና ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከባርነት ነፃ ስለወጡት ሰዎችና ስለ ትምህርት ቤቶቻቸው ነበር። አፀደ ደስ አላት፤ ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር ይዛዋለች። ጻፈች፣ ጻፈች፣ ሰዓቱ ሳያልቅ አስረከበች።

በሚቀጥለው ሳምንት የሁሉም ደብተር ሲመለስ የእሷ አልተመለሰም። ሚስስ ፕሩዊት ወደ ቢሮዋ ጠራቻት።

«ሚስስ ወንዳፍራሽ» አለቻት። በአባቷ ስም ስትጠራት አፀደ አባቷ አብረው የተከሰሱ መሰላት። «ይህንና ይህን አስተያይተው ያንብቡልኝ።»

ጠረጴዛው ላይ በአንድ በኩል መጽሐፉ፣ በሌላ በኩል የፈተና ደብተሯ ተዘርግቷል። አፀደ አነበበች። ልዩነት የላቸውም፤ እንዲኖራቸውም አልፈለገችም።

«አንድ ነው» አለች።

«አንድ ነው። እዚህ ላይ መጽሐፉ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ይናገራል። የተከፈተው በ1867 ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ቁጥሮቹን አዘዋውሮ 1876 ብሎታል። እርስዎም 1876 ብለው ጽፈዋል። ስህተቱን ሳይቀር ገልብጠዋል። መጽሐፉን የት ነበር ያስቀመጡት?»

«እዚህ» አለች አፀደ፣ ግንባሯን በጣቷ ነክታ።

ሚስስ ፕሩዊት አልሳቀችም። ሁለት መንገድ አለ አለች። አፀደ መኮረጇን አምና ይቅርታ ብትጠይቅ፣ የዚህ ፈተና ውጤት ዜሮ ይሆናል፤ ነገሩም እዚሁ ቢሮ ውስጥ ያበቃል። ካላመነች ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴው ከፈረደባት ከፕሮግራሙ ትሰናበታለች፤ ዲግሪ የሚባል ነገር በዚህ ግቢ አይኖርም።

«ቀላሉን መንገድ እየሰጠሁዎት ነው» አለች መምህርቷ።

«ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ ይቅርታ አልጠይቅም» አለች አፀደ። ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ በሩን በቀስታ ዘጋችው፤ በኃይል ብትዘጋው የተናደደች ይመስልባታል።

ዘገዬ ነገሩን የሰማው ጫማውን ሲያወልቅ ነው። የታክሲ ሰው ነው፤ ከመንገድ ጠብ ጋር ተላምዷል።

«ይቅርታ ማለት ምን ያስከፍላል?» አላት።

«አንተ ቀይ መብራት ሳትጥስ ለፖሊስ ጥሻለሁ ትላለህ?»

«ብያለሁ። ያውም ሁለቴ። በሰላም ሸኘኝ።»

«በሰላም? የቅጣት ትኬቱን ይዘህ ነዋ የመጣኸው።»

«ሰላምና ትኬት አብረው ይመጣሉ፤ አሜሪካ ነው» አለ ዘገዬ። ከዚያ ቁም ነገር ያዘው። «አፀደ፣ ዜሮዋን ተቀበዪና ቀጥይ። ወይ ክላሱን ድሮፕ አድርጊው። ከመንግሥት ኮሌጅ ጋር ተካሰን እኛ ማን ሆነን ነው?»

«እኔ አፀደ ወንዳፍራሽ ሆኜ ነው» አለችው።

ዘገዬ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም፤ ባልና ሚስት አልግባባ ሲሉ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። በማግስቱ ሳይነግራት ጋሽ ኃይለመስቀል ዘንድ ሄደ።

ጋሽ ኃይለመስቀል አገር ቤት የወረዳ ዳኛ ነበሩ። አሁን መሀል ከተማ የአንድ ፓርኪንግ መግቢያ ላይ ባለች የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ይቆርጣሉ፤ የአትላንታ አበሻ ሲጣላ ግን የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ የዕቁብ ጠብ አብርደዋል፣ በዱላ የተማታ ሰው አስተቃቅፈዋል። የዘገዬን ነገር ሰምተው ሲጨርሱ፣ «መምህርቷ ተቀይማለች። ቅያሜ ደግሞ በሽማግሌ ነው» አሉ። እንግሊዝኛ የሚችለውን አቶ ሽፈራውንና ነገር የማያበዙትን አቶ ገብረሕይወትን ይዘው ተነሡ። ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ጠርሙስ ውስኪ ገዙ፤ ርካሹንም አይደለም።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በኮታቸው ላይ ነጠላ አጣፍተው ከሚስስ ፕሩዊት ቢሮ በር ላይ ቆሙ። እጅ ነሡ። መምህርቷ ወንበር አሳየቻቸው። አልተቀመጡም። እንደገና አሳየቻቸው።

«ይቅር ካላሉን አንቀመጥም» ይላሉ አለ ሽፈራው።

«ስለ ምን ይቅር ልበላችሁ?»

«ስለ ልጃችን ስለ አፀደ። ይቅር ይበሉልን።»

መምህርቷ ሦስት ሽበታም ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቢቆሙባት ጨነቃት። «እሺ፣ እሺ፣ እባካችሁ ተቀመጡ» አለች። ጋሽ ኃይለመስቀል እሺ የሚለውን ሲሰሙ ነገሩ እንዳለቀ ቆጠሩት፤ መርቀዋት፣ ጠርሙሱን ጠረጴዛዋ ላይ አኑረው ወጡ። ለዘገዬም፣ «ጥሩ ሴት ናት፤ ብዙ አላስቸገረችንም» አሉት።

ሚስስ ፕሩዊት በበኩሏ የገባትን ለኮሚቴው አስታወቀች። የተማሪዋ ቤተሰቦች መጥተው ጥፋቱን አምነዋል፤ መጠጥም አምጥተዋል።

አፀደ ይህን የሰማችው ክፍል መግቢያ ላይ ከመምህርቷ አፍ ነው። ያን ቀን ወደ ክፍል አልገባችም። በባቡር መሀል ከተማ ወርዳ፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ ዞራ፣ ጋሽ ኃይለመስቀል የተቀመጡባት የመስታወት ቤት አጠገብ ቆመች።

«ጋሼ፣ ማን ላካችሁ?»

«ባልሽ ነዋ፣ ልጄ። ምነው፣ መምህርቷ ነገረችሽ? እሺ ብላለች እኮ።»

«ባሌ ነው ፈተና የተፈተነው?»

ጋሽ ኃይለመስቀል ፊቷን አዩና መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ከፈቱት። «አፀደ፣ ይቅርታ መጠየቅ ሰውን ጥፋተኛ አያደርግም። እኔ ስንት ደመኛ አስታርቄአለሁ። የበደለውም የተበደለውም ድንጋይ ይሸከማል። ዋናው ነገሩ እንዲበርድ ነው።»

«እኔ እንዲበርድ አልፈለግኩም። እዚህ አገር ይቅርታ ያለ ሰው ሌባ ነኝ ያለ ሰው ነው። በእርስዎ አፍ ኮርጃለሁ ብያለሁ።»

«እንዲህ አላልንም።»

«እንዲያ ሰምታለች።»

አንድ መኪና መጣ፤ ጋሽ ኃይለመስቀል ትኬት ቆርጠው ሰጡ። የመግቢያውን ማገጃ አነሡ፣ አወረዱ።

«ታዲያ ምን እናድርግ? እንደገና እንሂድ?»

«ሐሙስ ከሰዓት ኮሚቴው ይቀመጣል። ይምጡና ያሉትን ይናገሩ።»

«ምስክር ልሁን ነው የምትዪው?» ሽማግሌው ከፋቸው። «ሽማግሌ ምስክር ሆኖ አያውቅም። በሰማው ነገር ፍርድ ቤት ከቆመ ነገ ማን ምሥጢሩን ይነግረዋል? ዳኛ ሆኛለሁ፣ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ምስክር ሆኜ አላውቅም።»

«ምን ምሥጢር ነግሬዎት ያውቃሉ? አልጠየቁኝም እኮ። ጋሼ፣ እድሜዎን ሙሉ አስታረቁ። ከመሄድዎ በፊት ‹አንቺስ ምን ትያለሽ› ብለው የጠየቋት ሴት አለች?»

ከኋላ ሌላ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ጋሽ ኃይለመስቀል ወደ መኪናው ዞሩ። አፀደም ደህና ይዋሉ ሳትል ሄደች፤ በሕይወቷ ለሽማግሌ እንዲህ ያደረገችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ቦታ ብዙነሽ ሺፍቷን ሸፈነችላት። «አንቺ ፕሮፌሰር፣ አገር እንዳታሰድቢ» አለቻት።

«አገር ራሱን ይጠብቅ» አለች አፀደ፣ የደንብ ልብሷን በቀሚስ እየለወጠች።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። በመካከል የተቀመጠው የኮሌጁ ዲን ነው፤ ከደቡብ ጆርጂያ ገጠር የመጣ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ፣ ሲናገር የማይቸኩል። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉ፣ የፈተናው ደብተርና ያልተከፈተው ውስኪ ተደርድረዋል። ሚስስ ፕሩዊት ከጠርሙሱ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ዘገዬ ኮሪደሩ ላይ ቀርቷል፤ አፀደ ግባ አላለችውም።

ሊጀምሩ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ኃይለመስቀል በከረባት፣ ሽፈራውና ገብረሕይወት ከኋላቸው፣ ገቡ። ዛሬ ነጠላ የለም።

ዲኑ መጀመሪያ እሳቸውን ጠየቀ። ሽፈራው ያስተረጉማል።

«ሚስስ ወንዳፍራሽ ኮርጃለሁ ብላ ነግራችኋለች?»

«አልነገረችንም። አልጠየቅናትም» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። ይህን ሲሉ ወደ አፀደ አላዩም።

«ታዲያ ጥፋተኛ መሆኗን በምን አወቃችሁ?»

«ጥፋተኛ ናት አላልንም። ይቅር በሉን ነው ያልነው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ጠቡ።»

ዲኑ ሽፈራውን አየው፤ በትክክል መተርጎሙን መጠየቁ ነው። ሽፈራው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ኃይለመስቀል ቀጠሉ። «በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ መጀመሪያ ይቅርታ ይባላል፤ ሰዎቹ ይቀመጣሉ። ጥፋተኛው ማነው የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ቆሞ ነገር አይታይም። እኛ መምህርቷን ከልጃችን ጋር ልናስቀምጥ ነው የሄድነው።»

«ጠርሙሱስ?» አለች ሚስስ ፕሩዊት።

«ባዶ እጅ አይኬድም።»

ዲኑ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «አያቴ ጎረቤቶቿ ሲጣሉ ኬክ ጋግራ ሁለቱንም ቤት ይቅርታ ስትጠይቅ ታመሽ ነበር» አለ። «እሷ ግን ምንም አላደረገችም። ይሁን። ይህን ከመዝገቡ አውጥቼዋለሁ። አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ።»

ሚስስ ፕሩዊት መጽሐፉን ከመሀል ገለጠችና አንዱን ዓረፍተ ነገር ጀመረችላት። አፀደ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ሲጠይቋት ተቀምጣ መመለስ አትችልም። በንግግር የሚደናቀፈው እንግሊዝኛዋ በቃል ሲሆን ወራጅ ውሃ ሆነ። መምህርቷ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች አንድ ገጽ አለፈች፣ ሁለተኛውን ጀመረች፣ ከዚያ መጽሐፉን አጠፈች።

«በቃ» አለች። «አልኮረጁም። ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ሚስስ ወንዳፍራሽ፣ መጽሐፉ እኔም ዘንድ አለ። የጠየቅኩት የእርስዎን ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?»

አፀደ ለዚህ አልተዘጋጀችም። በክሱ ላይ የምትለውን ሁሉ በአውቶቡስ ውስጥ አደራጅታ ነበር የመጣችው፤ ይህ ጥያቄ ግን ከክሱ የባሰ ነበር። አባቷ ፊት ሆና ዳዊቱ ላይ የራስሽን ጨምሪበት የተባለች ያህል ሆነባት። ጋሽ ኃይለመስቀል ከኋላዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አስታራቂ ቃል ሊያቀርቡ ነው ብላ ፈራች፤ የተናገረችው እንዲያውም እሳቸውን ለመቅደም ነው።

«መጽሐፉ ሁለት ስህተት አለበት» አለች።

«አንደኛው ዓመተ ምሕረቱ ነው» አለች ሚስስ ፕሩዊት።

«እሱን አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ በ1876 ተከፈተ ይላል፤ ከታች ደግሞ በ1870 አቃጠሉት ይላል። ያልተከፈተ አይቃጠልም።»

ዲኑ ሳቀ። ሚስስ ፕሩዊት ግን ወደ ፊት ዘንበል አለች። «ያውቁ ነበር? ታዲያ ለምን ጻፉት?»

«የመጽሐፉ ነዋ። የኔ አይደለም። ሰው ያስቀመጠብኝን ዕቃ አልነካካም።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው እዚህ ነው። ‹ነፃ ለወጡት ሰዎች ትምህርት ተሰጣቸው› ይላል።» አፀደ ቃል እየፈለገች፣ ሲጠፋባት እየቆመች ቀጠለች። «ማንም አልሰጣቸውም። ለመምህሩ ዶሮና በቆሎ እያዋጡ ነው የተማሩት፤ ያው መጽሐፍ ይናገራል። ሲያቃጥሉባቸው መልሰው ሠሩት። አቃጥለውበት መልሶ ለሠራ ሰው ተሰጠው አይባልም። ወሰደ ነው የሚባለው። እኔም እዚህ ክፍል ውስጥ ያለሁት ማንም ሰጥቶኝ አይደለም። ይህን ወንበር ልትነጥቁኝ ትችላላችሁ። ሰጥተንሽ ነበር ግን አትሉኝም።»

ተቀመጠች።

«ይህን ነበር መጻፍ የነበረብዎ» አለች ሚስስ ፕሩዊት።

«አልጠየቁኝም። አብራሩ ነው ያሉት።»

«ማብራራት ማለት ይህ ነው።»

«እንግዲያው እሱን መጀመሪያ ማስተማር ነበረብዎ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ማንኛቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም። ሽማግሌዎቹና አፀደ ለጥቂት ጊዜ እንዲወጡ ተጠየቁ፤ ኮሪደሩ ላይ ዘገዬ ምን ሆነ አለ። ሲመለሱ ዲኑ ውሳኔውን ተናገረ። ኩረጃ የለም፤ ክሱ ተሰርዟል። መልሱ ግን የመጽሐፉ እንጂ የተማሪዋ ስላልሆነ ውጤት አይሰጠውም፤ ፈተናውን በራሷ ቃል እንደገና ትጽፋለች።

«እጽፋለሁ» አለች አፀደ። «መምህርቷ የለጠፉብኝን የኮራጅ ስም ግን በአፋቸው ያንሡልኝ።»

ሚስስ ፕሩዊት መነጽሯን አወለቀች። «አንሥቻለሁ» አለች።

ይቅርታ አላለችም። አፀደም አልጠበቀችም።

«አሁን ይህን መጠጥ ከግቢዬ የሚያወጣልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ ዲኑ። ጋሽ ኃይለመስቀል እጃቸውን ሲዘረጉ አፀደ ቀደመቻቸው። «በእኔ ስም የተሰጠ ነው» ብላ ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታሪክ መጽሐፉ አጠገብ ከተተችው።

ድጋሚውን ፈተና ስትጽፍ እንደዚያ ቀን ተሠቃይታ አታውቅም። አንድ መስመር ትጽፋለች፣ የመጽሐፉ ሆኖ ታገኘዋለች፣ ትሰርዛለች። ደብተሩ የዕብድ ደብተር መሰለ። ሲመለስላት ሰዋስዉ በቀይ ተጨማልቆ፣ ዳር ላይ «ማስረጃ?» የሚል እየተደጋገመ፣ ላዩ ላይ «ሲ» የሚል ውጤት ተጽፎበታል። ለብዙነሽ አሳየቻት።

«ይህ ሁሉ ጫጫታ ለሲ ነው?»

«የራሴ ሲ ነው» አለች አፀደ። «ሌሎቹ የመጽሐፉ ነበሩ።»

ጠርሙሱ ከማቀዝቀዣው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለፋሲካ የመጣ፣ ለገና የመጣ እንግዳ ሁሉ አንጋጦ አየው። ዘገዬ አንድ ቀን ጓደኞቹ ፊት ሊያወርደው ወንበር ላይ ወጣ፤ «ውረድ» ተባለ፤ ወረደ። ሊከፈት የሚችለው መቼ እንደሆነ አፀደ ለሁሉም ተናግራለች፤ የማያምናትም ሰው ቢሆን እየመጣ ያያል። ጋሽ ኃይለመስቀል ብቻ ወደዚያ ቀና አይሉም። ቤቷ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፤ ከማቀዝቀዣው ጋር ግን እንደተኳረፈ ሰው ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቀመጡት።

ማታ ማታ ሦስት ዓመት አለፈ። ክላስ የወደቀችበት ጊዜ ነበር፤ ደግማ ወሰደችው። መጦሪያው ሺፍቷን ወደ ማታ ሲያዛውርባት ሥራውን ለቅቃ ሌላ መጦሪያ ገባች፤ ትምህርቱን አልለቀቀችም። በኋለኞቹ ዓመታት የምትጽፋቸው ወረቀቶች አንድ መልክ ያዙ። መጀመሪያ መጽሐፉ የሚለውን ቃል ሳታጎድል በትምህርተ ጥቅስ ታኖራለች፤ ከሥሩ አዲስ መስመር ትጀምርና «እኔ ግን» ትላለች። አንድ መምህር ይህን አጻጻፍ ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት። «የመጀመሪያው ካባቴ ነው። ሁለተኛውን እዚህ ተጣልቼ ነው ያገኘሁት» አለችው።

በ1989 ሰኔ ላይ በዚያው ግቢ ሣር ላይ በተደረደሩ ወንበሮች መካከል ስሟ ተጠራ። አስተናባሪው ወንዳፍራሽ የሚለውን ስም ሰባብሮ ጠራው፤ አፀደ መድረኩ ላይ ቆማ ጆሮው ሥር አስተካክላ ነገረችው፤ ሰውዬውም ደግሞ በትክክል ጠራው። ዲግሪዋን የተቀበለችው ከዚያ በኋላ ነው። ከመምህራኑ ረድፍ ሚስስ ፕሩዊት ተነሥታ ስታጨበጭብ አየቻት። አፀደም በአንገቷ ሰላም አለቻት።

ማታ ቤቱ ሞላ። ብዙነሽ ዲግሪውን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና፣ «ይኸው ነው? እኔ ደግሞ ክንፍ ያለው መስሎኝ» አለች። አፀደ ወንበር አስጠግታ ወጣች፤ ጠርሙሱን አወረደች፤ አቧራውን በመቀነቷ ጠረገችው። ብርጭቆ ደረደረች። የመጀመሪያውን ለጋሽ ኃይለመስቀል ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

ሽማግሌው ብርጭቆውን ተቀበሉ። አልቀመሱትም።

«አፀደ ልጄ» አሉ። «ያን ጊዜ ሳንጠይቅሽ ሄደን በድለንሻል። ዛሬ በደስታሽ ቀን ይቅር በይኝ።»

አፀደ ለሽፈራው እየቀዳች ነበር። ቀና አላለችም።

«ለዚህማ ሽማግሌ ይላኩ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ኃይለመስቀል ግራና ቀኛቸውን አዩ። አቶ ገብረሕይወት፣ ያ ነገር የማያበዙት ሰው፣ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ከሶፋው ተነሡ። ሽፈራው ተከተላቸው። ሦስተኛ ቢጎድል ዘገዬም ተነሣና ከጎናቸው ቆመ። አንገታቸውን ደፉ።

«ይቅር ካላልሽ አንቀመጥም» አሉ ገብረሕይወት።

«እንግዲያው ቁሙ» አለች አፀደ፣ ጠርሙሱን ይዛ ወደ ብዙነሽ ብርጭቆ አለፈች።